ለማረሚያ ቤት ሥልጠና የሚውል የሐሺሽ ናሙና አያያዝ

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወሎ ውስጥ በሚገኝ አንድ ማረሚያ ቤት፣ አዳዲስ የጥበቃ አባላት በስንቅ ውስጥ የተደበቀን ሐሺሽ በመልኩና በሽታው እንዲለዩ ለማሠልጠን ጥቂት ናሙና በሕጋዊ ፈቃድ ተረክበናል። የምናስቀምጠው በንብረት ክፍሉ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ሰሞኑን ስንመዝነው ጎድሎ አገኘነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መላሽ (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ጉድለቱን ወዲያው ስርቆት ነው አትበሉ፤ ቅጠሉ ርጥበቱን ሲያጣ ክብደቱ ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ ይህን ማስረዳት የምትችሉት እያንዳንዱ ናሙና ቁጥር ባለው ማኅተም ታሽጎ፣ ሲወጣም ሲገባም ሁለት ሰዎች ባሉበት በግራም ተመዝኖ፣ ሁለቱም በመዝገብ ላይ ከፈረሙ ብቻ ነው። የእንጨት ሣጥኑን ግን ዛሬውኑ ተዉት። ከወለሉ ጋር የታሰረ የብረት ካዝና አዘጋጁ፤ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አሠልጣኙም ብቻውን የሚከፍተው አይሁን።

ሌላ መላሽ (ወልድያ)፦ በዚህ ላይ ለፍርድ ቤት ከተያዘ ኤግዚቢት (በማስረጃነት የሚቀርብ ዕቃ) ጋር ፈጽሞ አንድ ላይ አይቀመጥ፤ ቢደባለቅ የሰው ጉዳይ ይበላሻል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ስለሚመለከት (ጫት ቢሆን ኖሮ ማንም ባልጠየቃችሁ!)፣ የፈቃዱ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። ነገ ሁለተኛ ሰው ይዘን እንደገና እንመዝናለን።