የ«ሃያ ሺህ ሊግ» ፊልም፦ መጽሐፉን ሳንጨርስ ለልጆቹ ላሳያቸው?

ማራኪ ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ የዡል ቬርንን «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» እየተረጎምኩ ስነግረው ከረምኩ። አሁን ሰርጓጅ መርከቧ ናውቲለስ ቀይ ባሕር ገብታለች። ባብኤል መንደብ የሚለውን ሲሰማ «ይሄማ እኛ አጠገብ ነው!» ብሎ ከአልጋው ዘሎ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ካርታ ከእጁ አይለይም። ሰሞኑን ደግሞ ጓደኛዬ በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዲዝኒ ፊልም በፍላሽ ሰጠኝ። ቅዳሜ የጎረቤት ልጆችንም ጠርቼ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ግን ፈራሁ። ገና ግማሽ ላይ ነን። ፊልሙ ልጁ በሐሳቡ የሠራትን ናውቲለስ ያጠፋበት ይሆን? ስልክ ላይ ስንቱን ያዩ ልጆችስ እንዲህ ላለ የድሮ ፊልም ይቀመጣሉ? ያያችሁት ምከሩኝ።

የፒያሳው ልጅ፦
ወንድሜ፣ አሳያቸው! እኔ ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት፣ ባረጀ ካሴት፣ ታላቅ ወንድሜ ጆሮዬ ሥር እየተረጎመልኝ። ግዙፉ ስኩዊድ፣ ያ ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ፣ መርከቧ ላይ ሲጠመጠም የወንድሜን ክንድ ጨምድጄ ይዤ እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ በሽቦ በሚንቀሳቀስ አውሬ ነው ያንን የሠሩት። መጀመሪያ የቀረጹት ጀምበር ስትጠልቅ፣ በረጋ ባሕር ላይ ነበር። ሽቦው ታየ፣ ነገሩ ሁሉ አላምር አለ። ያንን ትተው በሌሊት፣ በማዕበልና በዝናብ ውስጥ እንደገና ቀረጹት። ጨለማው ሽቦውን ሸሸገው፣ ፍርሃቱም ያን ጊዜ መጣ። በልዩ ኢፌክት ኦስካር የወሰደው በከንቱ አይደለም። ልጆቹ ፍንክች አይሉም፣ እመነኝ።

መምህርት ከአዘዞ፦
እኔ አልስማማም። መጀመሪያ መጽሐፉን ጨርስለት። ልጁ ከአልጋ የዘለለበት ቀይ ባሕር ፊልሙ ውስጥ የለም! መጽሐፉ ውስጥ ግን የናውቲለስ አዛዥ ካፒቴን ኔሞ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን የሚያልፈው በሱዌዝ ሥር ባለ ዋሻ ነው። ታሪኩ የሚሆነው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፣ የሱዌዝ ቦይ የተከፈተው በ1869፤ ቬርን መጽሐፉን የጻፈው፣ ሰው ሁሉ ስለ ሱዌዝ በሚያወራበት ሰዓት መሆኑ ነው። መጨረሻውም ሌላ ነው። ፊልሙ በፍንዳታ ያልቃል፣ መጽሐፉ ኖርዌይ አጠገብ ባለው ትልቅ የባሕር አዙሪት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ኔሞ ራሱ ነው። ቬርን «ምሥጢራዊቷ ደሴት» በሚለው መጽሐፉ ኔሞ የሕንድ ልዑል መሆኑን ይነግረናል፣ እንግሊዞች አገሩን የወሰዱበት ሰው። ፊልሙ ይህንን አያነሳም፤ የሚጫወተውም እንግሊዛዊው ጄምስ ሜሰን ነው። ትወናው ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን የዓለምን ድንቅ መርከብ የሠራው መሐንዲስ አገሩን የተቀማ ሕንዳዊ መሆኑን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል። እባክህ ይህን ሳትነግራቸው እንዳታስጀምራቸው።

ደግሞ ሃያ ሺህ ሊግ ጥልቀት አይደለም፣ የተጓዙት ርቀት ነው። አንዱን ሊግ 4 ኪሎ ሜትር ብለህ አስበው፤ 80,000 ኪሎ ሜትር፣ ምድርን ሁለት ጊዜ መዞር ማለት ነው።

ጎርጎራ፦
ልጆቹ የናውቲለስን መጠን መጠየቃቸው አይቀርም። በመጽሐፉ ርዝመቷ 70 ሜትር፣ ወገቧ ላይ ስፋቷ 8 ሜትር ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ ብትገባ እንደምንም ነው የምትሰጥመው። የኔ ልጆች ይህን ከሰሙ በኋላ ጀልባ ላይ በወጣን ቁጥር ወደ ታች እያዩ ነው የሚሄዱት። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ናውቲለስ የምትደርስበት አንድ ደሴት ላይ ያሉትን ጥቁር ሰዎች ፊልሙ ሰው በላ አድርጎ ነው የሚያሳያቸው። እዚያ ጋ አቁመህ አነጋግራቸው፣ ዝም ብለህ አትለፈው።

ማራኪ ሰፈር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ አሳየኋቸው፣ ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። መምህርት፣ ስለ ኔሞ አስቀድሜ ነገርኳቸው፣ ደሴቷም ላይ አቁመን ብዙ አወራን። ስኩዊዱ ሲመጣ አንዷ ሕፃን ጋቢዬ ውስጥ ገባች። ሊያልቅ 20 ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ልጆቹ አንሄድም አሉ። ሻማ አብርቼ የመጽሐፉን መጨረሻ፣ አዙሪቱን፣ ነገርኳቸው። የፊልሙን መጨረሻ ያየነው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። የእህቴ ልጅ «የሻማው ይሻላል» አለና ካርታውን ይዞ መጣ። ዛሬ ማታ ከሱዌዝ እንቀጥላለን።