የዘይት ግፊት ጠቋሚው ሞተሩ ሲሞቅ ይዋዥቃል፤ ሞተር ላስከፍት ወይስ ሴንሰር ልቀይር?

የጣና ሹፌር፦
ጤና ይስጥልኝ። ከወረታ የፎገራ ሩዝ ጭኜ በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ የምመላለስበት፣ 50 ኩንታል የሚጭን የናፍጣ መኪና አለኝ፤ ሞተሩ ኮምፒውተር የሌለው የድሮ ዓይነት ነው። ጠዋት ሲነሣ የዘይት ግፊት ጠቋሚው በቦታው ይቆማል። በደንብ ከሞቀ በኋላ ግን፣ በተለይ ደጀንን ወርዶ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ሲጀምር፣ መርፌው ይዋዥቃል፤ ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋና ቀዩ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። ነዳጅ ሲሰጠው ይመለሳል። ዘይቱና ፊልትሮው ከተቀየሩ ብዙም አልቆዩም። ዘይት አይጎድልም፤ እንዲያውም በመለኪያ ዘንጉ ላይ ከላይኛው ምልክት አልፎ ይታያል። አንዱ መካኒክ ሴንሰሩ ነው ሲለኝ ሌላው ኩሽኔቱ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ማቀፊያ) ስላለቀ ሞተሩ ይውረድ ብሎኛል። የሁለቱ ወጪ የሰማይና የምድር ያህል ስለሚራራቅ፣ ከመወሰኔ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ባለ መፍቻው፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም መካኒኮች የተናገሩት ሳይለኩ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ የሚያሳየው ግፊቱን ራሱን ሳይሆን ሴንሰሩ በሽቦ የላከውን መልእክት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መለየት ያለበት የተበላሸው መልእክተኛው ነው ወይስ መልእክቱ እውነት ነው የሚለው ነው። ሴንሰሩን ከሞተሩ ላይ ፈትተው በቦታው በቱቦ የሚሠራ የግፊት መለኪያ ያስገጥሙ፤ ጥርሱ የማይገጥም ከሆነ በኃይል አያስገቡት፣ ብሎኩን ያበላሻል። ከዚያም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ አሠርተው በሚኒሞና በደቂቃ 2000 ዙር ያንብቡ። በቀዝቃዛ ሞተር የተነበበ ቁጥር ለዚህ ጥያቄ ምንም አይጠቅምም። በጋራዥ የምንከተለው ግምት ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 0.7 ባር ያህል ግፊት ይኑር የሚል ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን በሞተሩ አምራች መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነው፣ የሞተሩን ዓይነት ስላልጻፉልን እዚህ ልነግርዎ አልችልም። ሳይለካ ግን ጭነት ጭነው ዓባይ በረሃ አይውረዱ።

ሽቦና መብራት፦
ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ችግሩ የኤሌክትሪክ ከሆነ መርፌው በድንገት ይዘላል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ወይም የፊት መብራት ሲበራ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም የነዳጁና የሙቀቱ መርፌዎች አብረውት ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህ ሲሆን የዳሽቦርዱን ማሳ ሽቦ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን) መፈተሽ ነው። የእርስዎ ግን ሙቀትንና ዙርን ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ ወደ ሽቦው አላዘነብልም። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በኩል ስለሆነ፣ ሲመልሱት ነጩን የቧንቧ ቴፕ አብዝተው አይጠምጥሙበት፤ ጤነኛውን ሴንሰር የተበላሸ ያስመስለዋል።

ናፍጣ ፓምፕ፦
ሁላችንም ያለፍነው አንድ ዐረፍተ ነገር በጥያቄው ውስጥ አለ። የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ዘይቱ ቢቀንስ የተለመደ ነው፤ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ግን የገባበት ነገር አለ ማለት ነው። ውሃ ቢሆን ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስል ነበር፤ ስለዚህ የምጠረጥረው ናፍጣ ነው። እንዲህ ባሉ ሞተሮች ላይ የናፍጣ ፓምፑ ራሱ በሞተሩ ዘይት ስለሚለሰልስ፣ በውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች) ሲያልቁ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይሾልካል፤ ነዳጅ ከታንከር የሚስበው ትንሹ ፓምፕም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ናፍጣ የገባበት ዘይት ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት ሲሞቅ በኩሽኔቶቹ መካከል እንደ ውሃ ስለሚያልፍ በሚኒሞ ግፊት አይይዝም። መዋዠቁም ከዚሁ ይመጣል፤ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) እየተሽከረከረ ይመታውና አረፋ ያደርገዋል፣ አየር የገባበት ዘይት በፓምፑ ሲሳብ መርፌው ይንቀጠቀጣል።

ለማረጋገጥ ከመለኪያ ዘንጉ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና ጥቂት ቆዩ፤ ጥቁሩ መሀል ሲቀር ናፍጣው ገርጣ ያለ ቀለበት ሠርቶ ወደ ውጭ ይሰፋል። ሽታውም አይደበቅም። ወፍራም ዘይት ጨምሩበት የሚል ምክር ከመጣ አትቀበሉት፤ መርፌውን ለጊዜው ያነሣዋል እንጂ የሚሾልከውን አይዘጋም፣ የዘይቱ ልክ ደግሞ ይብስ ይጨምራል። በጣም ከሞላ ሞተሩ የራሱን ዘይት መሳብ ጀምሮ በቁልፍ አልጠፋ ሊል ስለሚችል አደጋው ቀላል አይደለም። የምትቀዱትንም ዘይት ወደ ቦይ አትድፉ፤ የከተማችን ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው።

የጣና ሹፌር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በመለኪያው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ 0.4 ባር፣ በ2000 ዙር 1.1 ባር ተነቧል፤ የመለኪያው መርፌም እንደ ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠብታው በወረቀቱ ላይ የተባለውን ቀለበት ሠርቷል፤ ዘይቱም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ፓምፑ ተፈትቶ ወደ ባለሙያ ሄዷል፤ ናፍጣውን የሚገፉት የኤለመንቶቹ ጎሚኒዎች ደርቀው መሰንጠቃቸውን አሳይቶኛል። አሁን የቀረኝ ጥያቄ፣ በቀጠነ ዘይት የሠራው ኩሽኔት ተጎድቶ እንደሆነ ሞተሩን ሳላስወርድ በምን ላውቅ እችላለሁ የሚለው ነው።

ባለ መፍቻው፦
አሮጌውን ፊልትሮ አይጣሉት። ቆርቆሮውን በመጋዝ አስቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው በፀሐይ ይመልከቱ፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ፣ በተለይ የመዳብ ቀለም ያለው፣ ከተገኘ ኩሽኔቱ ተበልቷል። ንጹሕ ከሆነ ፓምፑ ተጠግኖ ሲመለስ አምራቹ ያዘዘውን ዘይት፣ በምልክቱ ልክ ብቻ፣ ከአዲስ ፊልትሮ ጋር ያስሞሉና በዚያው መለኪያ እንደገና በሙቅ ሞተር ያንብቡ። ግፊቱ ከተመለሰ ሥራው አለቀ፤ ሆኖም ለጥቂት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት የመለኪያ ዘንጉን ይዩ፣ ልኩ ዳግም ከፍ ካለ ጥገናው አልያዘም ማለት ነው። ካልተመለሰ ሞተሩን ከማውረድ በፊት ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ብቻ አስፈትተው የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ያስጸዱ፤ በዚያው አንድ የኮሎ ኩሽኔት ክዳን አስከፍተው ገጹን ይዩ፤ ከነጭ ሽፋኑ ሥር መዳቡ መታየት ከጀመረ ያኔ ሁለተኛው መካኒክ ያለው ትክክል ነው።