የጋራ ፕሮፖዛል፦ ጀማሪ ተመራማሪዎችን ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ እንዴት እናሠልጥን?

አስተባባሪ (ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን የላክሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ዝም ያላችሁትን እንዳላነበባችሁ ቆጥሬያለሁ። ባጭሩ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን በቅርብ ጨርሰው እዚያው የሚያስተምሩ ልጆች መርጠን ሁለት ዓመት እናሠለጥናለን። መጀመሪያ ስድስት ወር ኮርስ፣ ቀጥሎ ውጭ አገር ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ተመልሰው ጽሑፍ ያሳትማሉ። አስተያየት ስጡ። "ጥሩ ነው" ብቻ እንዳትሉኝ።

ሲስተር፣ ሳይካትሪ ነርስ (ፍኖተ ሰላም)
ጥሩ አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ ታማሚው የት አለ እዚህ ውስጥ? እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ቤተሰቡ ከአንዱ ጠበል ወደ ሌላው ይዞት ዞሮ፣ በሬ ሸጦ፣ አንዳንዴም እጁ ታስሮ ነው የሚደርሰው። መድኃኒት ጀምሮ ትንሽ ሲሻለው ደግሞ ይጠፋል። መጠይቅ አስሞልቶ የሚሄድ ተማሪ ሞልቷል፣ ለምን ጠፋ ብሎ ቤቱ ድረስ የሄደ ግን አላየሁም። ልጁ ኮርሱን ከመጀመሩ በፊት ተመላላሽ ክፍል አብሮን ይቀመጥና የምርምር ጥያቄውን ከዚያ ይዞ ይሂድ። መራጭ ኮሚቴው ውስጥም አንድ የታማሚ ቤተሰብ ይግባ።

አስተባባሪ
ስንት ጊዜ ይቀመጥ?

ሲስተር
ሦስት ወር። ከዚያ በታች እንግዳ ነው።

ላቦራቶሪ (ደብረ ማርቆስ)
እኔም ከሲስተር ጋር ነኝ። ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ክሎዛፒንን ታውቁታላችሁ፣ ሌሎቹ መድኃኒቶች ላልሠሩላቸው የሚሰጠው። በጥቂት ሰዎች ላይ ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሕዋስ በአደገኛ ሁኔታ ስለሚያወርደው ደም እየተቆጠረ ነው የሚወሰደው፤ ቁጥሩ ከወረደ መድኃኒቱ ይቆማል። ችግሩ ግን ወዲህ ነው። የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ የሆነ ብዙ ሰዎች ምንም ሳይታመሙ በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱም በአብዛኛው ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን ከቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ እንዳይኖር የሚያደርገው የዘረ መል ልዩነት ነው፤ ያው ቫይቫክስ ወባ በቀላሉ እንዳይገባ የሚከለክለው ማለት ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእነዚህ ሰዎች ዝቅ ያለ መነሻ ቁጥር ፈቅዷል። እኛ አገር ደግሞ ዳፊ ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው። እና የዳሞት ገበሬ ቁጥሩ ዝቅ ቢል መድኃኒቱ ነው ወይስ ሲፈጠርም እንዲያ ነው? ይህን ለመመለስ አይጥም ቅንጡ ላቦራቶሪም አያስፈልግም። መድኃኒቱ ሳይጀመር የደም ሕዋስ ቆጠራ (ሲቢሲ) ይሠራል፣ ዳፊ ይመረመራል፣ ጤነኛ የአካባቢው ሰውም አብሮ ይለካል። ውጤቱ በቀጥታ ሐኪሙ ማዘዣ ላይ ይገባል። አንድ የላብ ልጅ፣ አንድ ነርስና አንድ ሐኪም አብረው ቢሠሩት እኮ ሥልጠናው ራሱ ይሄው ነው።

አባል (አዲስ አበባ፣ የቢቸና ልጅ)
ግሩም። ግን ከዜሮ አንጀምር። ቡታጅራ ላይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተካሄደው ክትትል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቶናል። ሶዶ ወረዳ ላይም ጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች ክትትሉን መሥራት እንደሚችሉ ተፈትኗል። ዘረ መሉን በተመለከተ ደግሞ፣ በ2022 የወጣው ትልቁ ጥናት ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የተያያዙ 287 የዘረ መል ቦታዎች ቢያገኝም አብዛኛው ናሙና የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ሰው ነው። ኒውሮጋፕ የሚባለው የዘረ መል ጥናት ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ይዞ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣ ነው፣ ጎን ለጎንም ለወጣት ተመራማሪዎች የዘረ መል ትንተና አስተምሯል። የሥልጠናውን አሠራር እንጠይቃቸው። ውጭ መሄዱን ግን አትሰርዙት፣ ትንተናውን የሚችል ሰው ከሌለን ደማችን ይሄዳል፣ እኛ ምስጋና ገጽ ላይ እንቀራለን።

አስተባባሪ
ተቀብያለሁ። ላቦራቶሪውን ግን ጨርሰን አንጣለው። ከመጀመሪያው መድኃኒት ከክሎርፕሮማዚን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የመጡት መድኃኒቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዶፓሚን በሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ላይ ነው የሚሠሩት። በ2024 አሜሪካ የፈቀደችው ዛኖሜሊን ከትሮስፒየም ጋር ነው በሌላ መንገድ የመጣ። ዛኖሜሊን ብቻውን ሆድ እያስቸገረ ተጥሎ ነበር፤ ወደ አንጎል እምብዛም የማይገባው ትሮስፒየም ሲጨመርበት ነው የዳነው። ይህንን አንድ ሙሉ ትምህርት አደርገዋለሁ።

የተስተካከለው እንግዲህ፦ ሦስት ወር ተመላላሽ ክፍል ይቅደም፣ ኮርሱ ወደ አራት ወር ይጠር፣ ውጭ የሚሄደው የምርምር ጥያቄው የጸደቀለት ብቻ ይሁን። ሲስተር የክሊኒኩን ክፍል ይጻፉልኝ። ማርቆስ፣ ዳፊውን እንደ ናሙና ፕሮጀክት በሁለት ገጽ።

ላቦራቶሪ
እሺ። በጀቱ ላይ ግን ለፍሪጁ ጄኔሬተር ከነነዳጁ ይግባ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ናሙና ልንጥል አንችልም። መንገድ ሲዘጋም ናሙናው ባለበት ይቆያልና።

ሲስተር
እኔም እጽፋለሁ። ግን ልጁን ከማስተማር ሥራው የሚለቅ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ካልመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፣ ተመላላሽ ክፍል አይሠራም።

አስተባባሪ
ደብዳቤውን ሰኞ እጠይቃለሁ።