አስቸኳይ፦ 1969 ካማሮ ዚ28 ኦርጅናል መሆኑ በምን ይታወቃል? እስከ ማታ መወሰን አለብኝ

ቢኒ_ሜሪላንድ፦ ሰላም ወገን፤ ሻጩ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። 1969 ካማሮ (የሼቭሮሌት)፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ መስመር ያለው። "ኦርጅናል ዚ28 ነው፣ ሞተሩም ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ነው" ብሎ ቀብድ ተቀብሎኛል። ቀሪውን እስከ ማታ ካላስገባሁ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በ12437 ይጀምራል፤ ዚ28 ማለት ነው ብሎኛል። ሞተሩ ላይ ቪ0318ዲዚ ይላል፣ አጠገቡ ያሉት የመጨረሻ 6 ቁጥሮች ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ግድግዳ) ላይ ያለው ታግ፣ ማለትም የፋብሪካው መለያ ብረት፣ 02ሲ፣ 711፣ 72 72፣ ኤክስ33፣ ዲ80 ይላል። ሁሉም ልክ ይመስላል፣ ግን የሞተሩ ጽሑፍ አዲስ ሆነብኝ። ልክፈል?

ጋሽ_ሞተር፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከ12437 እንነሳ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። 12 ካማሮ ማለት ነው፣ 4 ባለ 8 ሲሊንደር ቪ ሞተር፣ 37 ባለ ሁለት በር ኩፔ። ቀጥሎ ያለው 9 የ1969 ሞዴል ነው። አለቀ። 307 ሞተር ያለው ተራው ካማሮም፣ 350ውም፣ 396ቱም (ቁጥሮቹ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ናቸው)፣ ዚ28ቱም ኩፔ እስከሆኑ ድረስ በ12437 ነው የሚጀምሩት። 12337 ቢሆን ኖሮ ከፋብሪካ ባለ 6 ሲሊንደር ሆኖ ስለወጣ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋ ነበር። 12467 ደግሞ ጣራው የሚከፈተው ነው፤ በ1969 ዚ28 ለዚያ አልተሰጠም። ዚ28 የተጨማሪ ዕቃ ጥቅል እንጂ ራሱን የቻለ ሞዴል ስላልነበረ የሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም። በዚያ ዓመት ከተሠሩት 243,085 ካማሮዎች 20,302ቱ ብቻ ናቸው ዚ28። ስለዚህ ሰውዬው የነገረህ የመጀመሪያው ማስረጃ ማስረጃ አይደለም። አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ ይህን ካለ ሌላውንም ቃሉን አጣራ።

ቸርኬ፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር የያዙትን ሪቬቶች እይ። አበባ የመሰሉ፣ ባለ ስድስት ቅጠል መሆን አለባቸው። ክብ ተራ ሪቬት ከሆነ ተነቅሎ ነበር ማለት ነው።

አቤል_ቴክሳስ፦ ቀለሙ ግን ልብ ያጠፋል! ለሰርግ ከሆነ የፈለግከው፣ ቁጥሩን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል 😄

ሳሮን_ካምቢዮ፦ ቢኒ፣ ቀኖቹን ተመልከት። 02ሲ ማለት የመኪናው ቦዲ የተሠራው በየካቲት (ፌብሩዋሪ) ሦስተኛ ሳምንት ነው፤ ሁለቱ አሃዞች ወሩን፣ ፊደሉ ሳምንቱን ነው የሚናገሩት። ቪ0318ዲዚ ደግሞ ቪ ማለት የፍሊንት ፋብሪካ፣ 0318 ማርች 18፣ ዲዚ የ1969 የዚ28ቱ 302 ሞተር ነው። ልብ በል፦ ሞተሩ የተገጣጠመው ቦዲው ከተሠራ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ይሄ ሊሆን አይችልም። ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ይወጣል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ይገባል። ከሳምንት እስከ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ መሠራት ነበረበት።

ቢኒ_ሜሪላንድ፦ ጠየቅሁት። "የድሮው ሞተር ተበላሽቶ ኩባንያው በዋስትና ቀይሮት ይሆናል" አለኝ። አይሆንም እንዴ?

ሳሮን_ካምቢዮ፦ በዋስትና የተቀየረ ቢሆን ብሎኩ ላይ ሲኢ የሚል ምልክት እንጠብቃለን። ከዚያ በላይ ደግሞ የመኪናው ሻንሲ ቁጥር ሞተሩ ላይ የሚመታው መኪናው በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ተለዋጭ ሞተር ያንተን መኪና 6 ቁጥር ከየት አመጣው? ወይ ተቀይሯል፣ ወይ ከፋብሪካ አብሮ የወጣ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሊል አይችልም።

አሁን ባትሪ አብርተህ ጽሑፉ ያረፈበትን ጠፍጣፋ ቦታ እይ፤ በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ፊት ለፊት ነው። ጣትህን ሳይሆን ዓይንህን ተጠቀም፣ መብራቱን ከጎን አድርግ። ከፋብሪካ የወጣ ብሎክ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን የማሽን መስመሮች ይኖራሉ፤ ቁጥሮቹም በእነሱ ላይ የተመቱ ናቸው። ቦታው እንደ መስታወት ለስልሶ ወይም ክብ ክብ የመፋቂያ ጭረት ኖሮት ቁጥሩ ግን ጥርት ብሎ ካለ፣ አሮጌው ተፍቆ አዲስ ተመቷል። ሞተር ሲታደስ ብሎኩ መፋቁ ወንጀል አይደለም፤ ግን ሲፋቅ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።

ቸርኬ፦ ሪቬቱን አየህ? ባለ ስድስት ቅጠል።

ቴስታታ፦ እኔ ግን ጥያቄውን ራሱን እቃወማለሁ። የምትከፍለው ስንት ነው? ዋጋው የተራ ካማሮ ከሆነ ቁጥሩ ባይዛመድም ትርፍ ነው፤ እውነተኛ ዲዚ ብሎክ ለብቻው ዋጋ አለው። ብሎኩ 302 መሆኑን ለማየት በሾፌሩ በኩል፣ ካምቢዮው የሚገጠምበት ጠርዝ ጋ ብሎኩ ሲቀለጥ አብሮ የወጣውን ቁጥር አንብብ፤ 3932386 ወይም 3956618 ከ302 ጋር የሚታወቁ ናቸው። በተሳፋሪው በኩል ደግሞ ብሎኩ የተቀለጠበት ቀን አለ፤ ፊደሉ ወሩን ነው የሚናገረው፤ ለምሳሌ ሲ 10 9 ማርች 10፣ 1969 ነው። ፊደሉ ከሲ በላይ ከሆነ፣ ማለትም ዲ ወይም ኢ፣ ማርች 18 የተገጣጠመ ሞተር ሊሆን አይችልም።

ቢኒ_ሜሪላንድ፦ ዋጋው የኦርጅናል ዚ28 ዋጋ ነው። ሞተሩ ላይ የማሽን መስመር የሚባለው የለም፣ ለስላሳ ነው። ሪቬቶቹ አበባ ናቸው።

ጋሽ_ሞተር፦ አበባ ሪቬት አዲስ ተሠርቶም ይሸጣል፤ ስላለ ብቻ አትረጋጋ። ከ9 ቀጥሎ ያለው ፊደል ምንድን ነው? ኤን ነው ኤል?

ቢኒ_ሜሪላንድ፦ ኤል።

ጋሽ_ሞተር፦ ታጉ ላይስ ከ12437 አጠገብ ምን ይላል?

ቢኒ_ሜሪላንድ፦ ኤን ኦ አር።

ጋሽ_ሞተር፦ እንግዲያው አትክፈል። ኤል ማለት መኪናው የተገጣጠመው ካሊፎርኒያ ቫን ናይስ ነው። ኤን ኦ አር ደግሞ የኦሃዮው ኖርዉድ ነው። አንድ መኪና ሁለት ቦታ አይሠራም። ኤክስ33 ራሱ ያጋልጠዋል፤ የ1969 የኤክስ ኮዶች ኖርዉድ ብቻ፣ ያውም ከ1968 ዲሴምበር ወዲህ ነው የተመቱት። ኤክስ33 እና ኤክስ77 ዚ28ን ያመለክታሉ፤ ቫን ናይስ የተሠራ መኪና ታግ ላይ ግን የኤክስ ኮድ የለም። ያ ታግ ወይ ከሌላ መኪና የተነቀለ ነው ወይ በትዕዛዝ የተሠራ። ከቫን ናይስ የወጣ እውነተኛ ዚ28 ሞልቷል፤ እሱን ግን በታግ ሳይሆን በወረቀትና በሞተሩ ነው የምታረጋግጠው።

አቤል_ቴክሳስ፦ ዲፈረንሻሉን እይ! የኋላ ክዳኑ 12 ቡሎን ካለው ዚ28 ነው።

ቴስታታ፦ አይደለም። ኤስኤስ የሚባሉት (ሌላው የስፖርት ጥቅል ያላቸው) ካማሮዎችም ባለ 12 ቡሎን ነበራቸው። የሚጠቅመው በተሳፋሪው በኩል አክስሉ ቱቦ ፊት ላይ የተመታው ኮድ ነው፤ ቢዩ ከሆነ የማርሽ ሬሾው 3.73 የሆነ ፖዚ (ሁለቱንም የኋላ ጎማ አብሮ የሚገፋ ዲፈረንሻል) ነው፣ ቀኑም አብሮት አለ። ዚ28 ላይ ሊኖር የማይገባውን መፈለግ ይቀላል፦ አውቶማቲክ ካምቢዮ አልነበረውም፣ ባለ 4 ማርሽ የእጅ ብቻ። ኤር ኮንዲሽነርም አልነበረውም፤ ፋየርዎሉ ላይ የኤሲ ቀዳዳ ወይም የተደፈነ ምልክት ካለ ጠይቅ። የፊት ፍሬኑ ዲስክ መሆን አለበት። የኋላ ባሌስትራው አንድ ቅጠል ብቻ ከሆነ ከተራ መኪና የመጣ ነው።

ሳሮን_ካምቢዮ፦ ቢኒ፣ ከሁሉም በላይ የተደበቁትን የሻንሲ ቁጥሮች ሳታይ ከዚያ አትውጣ። ሁለት ቦታ ናቸው፤ አንዱ ከሂተሩ ሞተር ኋላ ፋየርዎሉ ላይ፣ ሌላው በተሳፋሪው በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ፓኔል ውስጥ። ለሁለተኛው ኮፈኑን ከፍተህ የዋይፐር ክንዶቹን ታወጣለህ፣ ብሎኖቹን ፈትተህ ፓኔሉን ታነሳለህ። ቀለም ከሸፈነው በቀለም ማስለቀቂያና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳ። የመፍጫ ድንጋይ እንዳታስነካው፣ ምቱ ጥልቅ ስላልሆነ ይጠፋል። ቁጥሩ ከዳሽቦርዱ ጋር ካልተመሳሰለ ነገሩ የዚ28 ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ የተሰረቀ ወይም ቦዲው የተቀየረ መኪና ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥር መንቀልና መቀየር በአሜሪካ የፌደራል ወንጀል ነው፣ በስምህ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ሳይወጣ ራቅ።

ቸርኬ፦ ወረቀትስ? ፕሮቴክት-ኦ-ፕሌት የሚባለው ከዋስትና ደብተሩ ጋር የሚሰጠው ትንሽ ብረት ካለው የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የአክስሉ ኮድ እላዩ ላይ አለ። መጀመሪያ ካናዳ የተሸጠ መኪና ከሆነ ደግሞ ጂኤም ካናዳ መዝገቡን ይሰጣል።

ጋሽ_ሞተር፦ ፕሮቴክት-ኦ-ፕሌትም አዲስ ይመታል፤ ደብተሩን፣ የባለቤቱን ስምና የብረቱን እርጅና አብረህ አገናዝብ።

ቢኒ_ሜሪላንድ፦ ፓኔሉን እንክፈተው አልኩት፣ "መኪናዬን አታበላሽብኝ" ብሎ ኮፈኑን ዘጋ። ውጭ ቆሜያለሁ። ቀብዱስ?

ሳሮን_ካምቢዮ፦ አሁኑኑ በጽሑፍ መልእክት ላክለት፤ "ኦርጅናል ዚ28፣ ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የወጣ" ብለህ ስለሸጥክልኝ ነው ቀብድ የሰጠሁት፣ ታጉ ኖርዉድ ሻንሲው ቫን ናይስ ስለሆነ ቀብዴን መልስ በለው። ማስታወቂያውንም ሳያወርደው ፎቶ አንሳው፣ የታጉንና የሞተሩን ፎቶም አብረህ አስቀምጥ። እምቢ ካለ በአካባቢህ ያለው የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት የሚጠይቅህ እነዚህን ነው።

ቴስታታ፦ በተራ ካማሮ ዋጋ ልሽጥልህ ካለ ግን ንገረን፤ የተደበቀው ቁጥር ከዳሽቦርዱ ጋር ከገጠመ የዋጋውን ነገር አብረን እናያለን።

ቸርኬ፦ ቢኒ፣ ምን ላይ ደረስክ?