ግድግዳ ላይ ጥለት ለመሳል የትኛው ቀለም ይሻላል?

ሰላም። ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ላይ እንደ ቀሚስ ጥለት ያለ ንድፍ መሳል ፈልጌ በዘይት ቀለም ጀመርኩና ጉድ ሆንኩ። ሽታው ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀም። በዚህ ብርድ መስኮት ከፍቶ ማን ይተኛል? መስመሩ ቀጥ እንዲል የለጠፍኩትን የወረቀት ፕላስተር ስልጠው ደግሞ ቀለሙ አብሮ ተገሽልጦ መጣ። ባለቤቴ «መጋረጃ ሰቅለሽ ተገላገይ» ይለኛል። ምን ልጠቀም?

መልስ፦ እህቴ፣ ፕላስቲክ ቀለም ይበቃሻል። በውሃ ይቀጥናል፣ ሽታውም ቀላል ነው። ግን የዘይት ቀለሙ ላይ እንዲሁ ብትቀቢው አይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፣ አቧራውን ጥረጊ፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ) ቀቢ። በውርጭ ጠዋት እንዳትጀምሪ። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ በደንብ አይያያዝም። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ይሻላል።

መልስ፦ ፕላስተሩን ቀለሙ ድርቅ እስኪል አትጠብቂ። ገና ትንሽ እርጥብ እያለ፣ ወደ ኋላ አጥፈሽ ቀስ እያልሽ ላጪው። ሌላ ዘዴም አለ፦ መጀመሪያ የፕላስተሩን ጠርዝ በግድግዳው በራሱ ቀለም ቀቢ። ከፕላስተሩ ሥር ያለውን ክፍተት እሱ ይደፍነዋል፤ ከዚያ የምትቀቢው የጥለቱ ቀለም ከሥር አይሾልክም። እኔ የመንዝ ዝተት (ከበግ ፀጉር የሚሠራ) መስመር የሳልኩት እንዲህ ነው።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! ቅዳሜ እሞክራለሁ። መጋረጃው ይቆየን።