ሲቀልጡ የሚሞቱብኝ የውሻ ነጭ የደም ሴሎች

ሰላም ለሁላችሁ። የውሻ ደም ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ።

ጥናቴ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ላይ ነው። መተማ አካባቢ ካሉ ውሾች የአንገት ደም ሥር፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ደም እንወስዳለን። ጎንደር ደርሶ ሥራ እስኪጀመር ግማሽ ቀን ያልፋል። ነጭ ሴሎቹን ለመለየት ደሙን በፒቢኤስ (ጨዋማ ማቅጠኛ ፈሳሽ) አቅጥኜ ፊኮል በሚባል፣ እፍጋቱ 1.077 በሆነ ፈሳሽ ላይ እደርባለሁ። ከዚያ በሴንትሪፊውጅ በ400 ጂ (በመሬት ስበት 400 እጥፍ) ለ30 ደቂቃ አሽከረክራለሁ፤ ፍሬኑ ጠፍቶ። መሀል ላይ የምፈልጋቸው ሴሎች ያሉበት ነጭ ስስ ሽፋን ነበር የምጠብቀው። የኔ ግን ቀላ ያለ ነው፤ ግራኑሎሳይትም (የማልፈልገው ዓይነት ነጭ የደም ሴል) አይጠፋውም።

ሴሎቹን የማቀዘቅዘው በ90 ፐርሰንት ኤፍቢኤስ (የጥጃ ፅንስ ሴረም) እና ሴሎችን ከበረዶ ጉዳት በሚጠብቀው በ10 ፐርሰንት ዲኤምኤስኦ ነው። በደቂቃ 1 ዲግሪ በሚያወርደው የአልኮል ሣጥን አድርጌ ማይናስ 80 ውስጥ አሳድረዋለሁ። ፈሳሽ ናይትሮጅን የምንለምነው ከከብት ማዳቀያ ሰዎች ስለሆነ አንዳንዴ ይዘገያል። ያኔ ቱቦዎቹ እዚያው ማይናስ 80 ላይ ሳምንታት ይከርማሉ። መብራት የጠፋ ቀንማ አይነሳ!

ከመቀዝቀዙ በፊት የሞተ ሴልን ሰማያዊ በሚያደርገው ቀለም፣ በትሪፓን ብሉ ሳይ ሁሉም ማለት ይቻላል በሕይወት አሉ። በ37 ዲግሪ ሳቀልጠው ከግማሽ በላዩ ሰማያዊ ነው። የተረፈውም ተጣብቆ እንደ ንፍጥ ይሳባል። አማካሪዬን ስጠይቅ መልሱ «ድገሚው» ብቻ ነው። ደሙ ግን ከየት ይመጣል?

ጥፋቱ ከየቱ ይመስላችኋል? ከመንገዱ ርዝመት ወይስ ከማይናስ 80 ቆይታው? ኢዲቲኤውን በሄፓሪን (ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር) ብቀይረው ለውጥ አለው? ስታቀልጡ ዲኤንኤዝ (ከሞቱ ሴሎች የወጣውን የሚያጣብቅ ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም) የምትጨምሩ ካላችሁ መጠኑን ንገሩኝ። የሰው ደም አሠራር አለኝ፤ የምፈልገው በውሻ የሞከረ ሰው ነው።