ኦድሪ ሄፕበርን የመጀመሪያ የዕርዳታ ጉዞዋን ለምን ወደ ኢትዮጵያ አደረገች?

የፊልም ወዳጅ (ጥያቄ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ኦድሪ ሄፕበርንን አብዛኞቻችን የምናውቃት በፊልሞቿ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ሮማን ሆሊዴይ» በተሰኘው ፊልም ኦስካር እንደተሸለመችም ብዙ ሰው ያውቃል። ከዩኒሴፍ ጋር የመጀመሪያውን የመስክ ጉዞ ያደረገችው ወደ አገራችን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1988 መሆኑን ግን ያነበብኩት በቅርቡ ነው። በዚያን ጊዜ የ58 ዓመት ሴት ነበረች፤ ከሲኒማም በአብዛኛው ርቃ በስዊዘርላንድ ትኖር ነበር። ዕረፍቷን ትታ ወደዚህ ሥራ እንድትገባ ያደረጋት ምንድን ነው? እንዲህ ያለው የዝነኛ ሰው ጉብኝትስ ለተራቡ ሕፃናት የሚያስገኘው ጥቅም አለ ወይስ ከፎቶግራፍ አያልፍም?

አንባቢው፦

ውድ ጠያቂ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ያለው በልጅነቷ ነው። ኦድሪ እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1929 ብራስልስ ውስጥ ተወለደች፤ አባቷ ገና ስድስት ዓመት ሳለች ቤቱን ጥሎ ሄደ። ጦርነቱ ሲጀመር እናቷ የትውልድ አገሯ ሆላንድ ከጦርነቱ ውጭ ትሆናለች ብላ በማሰብ ልጇን ወደ አርነም ወሰደቻት፤ ነገር ግን ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1940 አገሪቱን ወረሩ፤ አጎቷንም በ1942 ረሸኑት። ከሁሉ የከፋው እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 የነበረው የብርድ ወራት ነበር። የሆላንድ የባቡር ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው ጀርመኖች ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል እህል እንዳይገባ ከለከሉ፤ በዚያ ረኀብ 20,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሰዉ የቱሊፕ አበባ ሥር እየቆፈረ ይበላ ነበር። እርሷም በምግብ እጦት ደሟ አነሰ፣ ሰውነቷም አበጠ።

አገሪቱ በግንቦት 1945 ነፃ ስትወጣ ምግብና መድኃኒት ካደረሱት መካከል የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ አስተዳደር ይገኝበታል። በብዙ ጽሑፎች ያን ዕርዳታ ያመጣው ዩኒሴፍ ነው ይባላል፤ ሆኖም ዩኒሴፍ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1946 የዚያኑ አስተዳደር ሥራ በሕፃናት በኩል ለመቀጠል ስለሆነ፣ ነገሩ በዚህ መልክ ቢታረም ይሻላል። ያም ሆነ ይህ የዕርዳታ ምግብ ተቀብላ ያደገች ልጅ መሆኗን ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችም። መቀሌ በሚገኘው ማሳደጊያ 500 ያህል ሕፃናትን ስትጎበኝ ረኀብን የምታውቀው ከራሷ ሕይወት ነበር፤ እኔ ከሌሎች ዝነኞች የምለያትም በዚህ ነው።

ሰላማዊት፦

የአንባቢውን ማብራሪያ በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝቡን ያስራበው የዝናብ መቅረት ብቻ አልነበረም። በትግራይና በኤርትራ ጦርነት ነበር፣ መንገዶች ተዘግተው ነበር፤ ከጉብኝቷ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በሚያዝያ ወር፣ መንግሥት አብዛኞቹን የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ከሁለቱ ክፍለ ሀገራት እንዲወጡ አዘዘ። የዩኒሴፍ ተወካይ ሆኖ የሚመጣ ሰው ደግሞ በመንግሥት ፈቃድ የሚገባ በመሆኑ ስለ ጦርነቱ የፈለገውን መናገር አይችልም። በዚህ ምክንያት በውጭ አገር ቴሌቪዥን የሚታየው የከሳ ሕፃን ብቻ ይሆናል፤ ሕፃኑን ለዚያ ያበቃው ግን ሳይነገር ይቀራል። በተለይ በ1977 ዓ.ም. ከታየው ረኀብ ወዲህ የአገራችን ስም ከዚህ ሥዕል ጋር ተጣብቆ በመቅረቱ በውጭ የሚኖሩ ልጆቻችን ሳይቀሩ ሲያፍሩበት አይቻለሁ። ይህን የምለው የሴትዮዋን ቅንነት በመጠራጠር አይደለም።

መምህር ከሐዋሳ፦

የእኅታችን የሰላማዊት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የኦድሪ ዋነኛ ሥራ የሚጀምረው ከጉብኝቱ በኋላ እንደነበር መታወቅ አለበት። ከኢትዮጵያ እንደተመለሰች በአሜሪካና በአውሮፓ ከጋዜጠኛ ወደ ጋዜጠኛ እየዞረች ያየችውን ተናገረች፤ በቀጣዩ ዓመትም በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስለ ረኀብ ምስክርነቷን ሰጠች። ለዚህ ሁሉ የምትቀበለው ለስሙ ያህል በዓመት አንድ ዶላር ነበር። በቱርክ የተመለከተችው የክትባት ዘመቻን፣ በባንግላዴሽና በቬትናም ደግሞ የውኃና የሕፃናት ጤና ሥራዎችን ነበር፤ ስለዚህ የሄደችባቸው ቦታዎች ሁሉ የረኀብ መንደሮች አልነበሩም።

ስለ ጦርነት አልተናገረችም የሚለውም በሁሉም ቦታ አይሠራም። በ1989 ወደ ሱዳን የሄደችው የተባበሩት መንግሥታት ከመንግሥትም ከአማፂያኑም ጋር ተስማምቶ በሁለቱም ወገን ላሉ ሰዎች እህል ባደረሰበት ወቅት ነበር፤ የዚያ ሥራ መሠረቱ ተዋጊዎች ምግብን እንዳያግቱ ማስማማት ነው። በመስከረም 1992 ወደ ሶማሊያ በሄደች ጊዜ መንግሥት የሚባል ስላልነበረ የሚከለክላት ባለሥልጣንም አልነበረም፤ ስትመለስ ረኀቡ የሰው እጅ ያለበት መሆኑን በግልጽ ተናገረች። ከዚያ ጉዞ ከተመለሰች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካንሰር እንዳለባት ታወቀ፤ ጥር 20 ቀን 1993ም አረፈች።

የአንድን ሰው ንግግር ከስንት ኩንታል እህል ጋር ማስተያየት እንደሚቻል አይታየኝም፤ ስለሆነም ጥቅሙ ይህን ያህል ነው ብዬ አልከራከርም። ሰላማዊት ያነሳችው የሥዕሉ ጉዳይ ግን በይበልጥ የሚመለከተው ፎቶግራፉን መርጠው የሚያሳትሙትን አዘጋጆች ይመስለኛል፤ እርሷ በሰጠቻቸው ቃለ መጠይቆች ስለ ኢትዮጵያውያን ክብርና ብርታት ደጋግማ ተናግራለችና።